የለንደን አየርና የቪክቶሪያ ዘመን የግድግዳ ሥዕሎች

በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የእንግሊዝን የሕዝብ ሕንፃዎች በግዙፍ የታሪክ ሥዕሎች የማስጌጡ ሥራ መነሻው አንድ ቃጠሎ ነው። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 16 ቀን 1834 የፓርላማው መቀመጫ የነበረው የዌስትሚኒስተር ቤተ መንግሥት በእሳት ወደመ። በቦታው አዲስ ሕንፃ ሲነሣ የግድግዳዎቹን ሥዕል የሚከታተል ኮሚሽን ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው የንግሥቲቱ ባል ልዑል አልበርት ነበር። በ1843 የንድፍ ውድድር ተካሄደ፤ የቀረቡት ንድፎችም በዌስትሚኒስተር አዳራሽ ለሕዝብ ታዩ።

ኮሚሽኑ መጀመሪያ የመረጠው የጣሊያኖቹን የፍሬስኮ ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ ሠዓሊው በውኃ የተበጠበጠ ቀለም ገና እርጥብ በሆነ የኖራ ልስን ላይ ይቀባል። ኖራው ሲደርቅ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ድንጋይ ስለሚሆን ቀለሙን ይዞ ያስቀራል። ልስኑ ከደረቀ በኋላ ማረም ስለማይቻል በየማለዳው የሚለሰነው በዚያው ዕለት ተስሎ የሚያልቀው ቦታ ብቻ ነው። በዚህ መንገድ ዊልያም ዳይስ የንጉሥ ኤትልበርትን ጥምቀት የሚያሳየውን ሥዕል በ1846 በጌቶች ምክር ቤት ውስጥ ፈጸመ። ለንደን ግን እንደ ፍሎረንስ ደረቅ አልነበረችም። የግድግዳው እርጥበት፣ የከሰል ጭሱና የጋዝ መብራቱ ተባብረው ኖራውን በሉት፤ በሕንፃው ውስጥ የተሣሉ አንዳንድ ፍሬስኮዎች ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ መላጥ ጀመሩ።

በዚያው ሕንፃ ሠዓሊው ዳንኤል ማክሊስ የጦር አዛዦቹ ዌሊንግተንና ብሉሸር ከዋተርሉ ድል በኋላ የተገናኙበትን ሥዕል በፍሬስኮ ሞክሮ አልሆነለትም። ስለዚህ በ1859 ወደ በርሊን ሄዶ ሌላ ዘዴ ተማረ፤ በደረቀ ልስን ላይ ተቀብቶ በኋላ የሲሊኬት ፈሳሽ የሚረጭበት ዘዴ ነው። ሥዕሉ ከ13 ሜትር በላይ ይረዝማል። ሁለቱ የጦር አዛዦች በፈረስ ላይ ሆነው ሲጨባበጡ ዙሪያቸው በሙታንና በቁስለኞች የተሞላ ነው፤ ፊታቸው ላይ ደስታ አይነበብም። ለአገር ኩራት ተብሎ በታዘዘ ሥራ ላይ የጦርነትን ዋጋ ይህን ያህል በግልጽ ማሳየት ትልቅ ድፍረት ነው። አዲሱ ዘዴም ቢሆን ቀለሙን ከመደብዘዝ አላዳነውም።

ልዑል አልበርት በ1861 ሲሞት ሥራው ዋና ደጋፊውን አጣ። ከዚያ ወዲህ ከሁሉ የላቀው ሥራ የተሠራው ከለንደን ውጭ፣ የጥጥ ፋብሪካዎች ከተማ በነበረችው በማንቸስተር ነው። ፎርድ ማዶክስ ብራውን ከ1879 እስከ 1893 በማዘጋጃ ቤቱ ታላቅ አዳራሽ ውስጥ 12 ሥዕሎችን ሣለ። አብዛኞቹን የሠራው ቶማስ ጋምቢየር ፓሪ ለእንግሊዝ አየር ይስማማል ብሎ በፈጠረው፣ ሰምና ሙጫ በሚገባበት ቀለም ነው፤ የመጨረሻዎቹን ግን ሸራ ላይ ስሎ ግድግዳው ላይ አስለጠፈ።

ብራውን ከነገሥታቱ ይልቅ የሠራተኛውን ታሪክ ማስቀደሙ ሥዕሎቹን ከዌስትሚኒስተሮቹ ይለያቸዋል። በአንዱ የጨርቅ ነጋዴው ዊልያም ክራብትሪ በ1639 ቬኑስ በፀሐይ ፊት ስታልፍ በአድናቆት ፈዝዞ ይመለከታል። በሌላው ደግሞ የሽመና መወርወሪያን ያሻሻለው ጆን ኬይ አለ፤ እንጀራችንን ሊያሳጣን ነው ያሉ ሰዎች በመስኮት ሲገቡ፣ ቤተሰቡ በአንሶላ ጠቅልሎ ሊያሸሸው ይጣደፋል። ብራውን የመጨረሻውን ሥዕል በጨረሰበት በ1893 አረፈ።