ኡንዲን፦ የሕዝብ ተረት ወይስ የደራሲ ድርሰት?

ኡንዲን የተባለችው የውኃ መንፈስ ታሪክ ለወጣቶች እያጠረ በሚቀርብበት ጊዜ «ጥንታዊ የጀርመን ተረት» ሲባል እንሰማለን። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። እኛ ታሪክ የምናስተምር ሰዎች ግን በግማሽ እውነት ረክተን ማለፍ አይገባንም። ይህ ተረት ደራሲ አለው፤ የታተመበትም ዓመት ይታወቃል። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ደራሲው ፍሬድሪኽ ደ ላ ሞት ፉኬ በ1777 በብራንደንቡርግ የተወለደ፣ ስለ ሃይማኖታቸው ከፈረንሳይ የተሰደዱ የፕሮቴስታንቶች ዘርና የፕሩሲያ ጦር መኮንን ነበር። «ኡንዲን»ን ያሳተመው በ1811 ነው። ዘመኑን ልብ እንበል። ፕሩሲያ በ1806 በናፖሌዎን ጦር ተደምስሳለች። በጦር ሜዳ የተዋረደው የጀርመን ምሁር ክብሩን በጥንት ዘፈንና በገበሬ ተረት ውስጥ ይፈልግ ነበር፤ የግሪም ወንድማማቾች የመጀመሪያው የተረት መድበልም የወጣው በ1812 ነው። ፉኬ ግን ከገበሬ አፍ አልሰማም፤ ከመጽሐፍ አነበበ እንጂ።

መጽሐፉ በ1541 የሞተው ሐኪም ፓራሴልሰስ የጻፈውና ከሞተ በኋላ በ1566 የታተመው ነው። በእርሱ ትምህርት ውኃ፣ አየር፣ መሬትና እሳት የየራሳቸው ነዋሪዎች አሏቸው። እነዚህ ፍጡራን እንደ ሰው ይበላሉ፣ ይወልዳሉም፤ ነፍስ ግን የላቸውም። የውኃ ሴት ሰውን ብታገባ ነፍስ ታገኛለች። ባሏ በውኃ ላይ ሳሉ ቢያስቀይማት ግን ጥላው ወደ ውኃው ትገባለች፤ ሌላ ቢያገባም ይሞታል። ለዚህም ፓራሴልሰስ የሽታውፈንበርግን ባላባት ታሪክ በምስክርነት ይጠቅሳል፤ ይህ ታሪክ በ1310 ገደማ በግጥም ተጽፎ ነበር። ግማሹ እውነት ያልነው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ ፉኬ እንመለስ። ሑልድብራንድ የተባለ ባላባት ጫካ አቋርጦ ወደ አንድ ዓሣ አጥማጅ ጎጆ ይደርሳል። ዓሣ አጥማጁና ሚስቱ ሴት ልጃቸው ውኃ ውስጥ ወድቃ ከጠፋችባቸው በኋላ ደጃፋቸው ላይ ያገኟትን ኡንዲንን ያሳድጋሉ። ልጅቱ ተንኮለኛ፣ ሣቂታና አስቸጋሪ ናት። በሠርጓ ምሽት ነፍስ ምን ያህል ከባድ ነገር ትሆን ብላ ትፈራለች። በማግሥቱ የተነሣችው ኡንዲን ሌላ ሰው ናት፤ ረጋ ያለች፣ ለሰው የምታዝን፣ ማልቀስም የምትችል። ለወጣቶች እናሳጥር ሲሉ ይህን ክፍል የሚቆርጡ ሰዎች የመጽሐፉን እምብርት ቆረጡ ማለት ነው። ነፍስ ከሐዘን ጋር እንደምትመጣ የሚነገረው እዚህ ነውና።

ከዚያ በኋላ ባላባቱ ልቡን ወደ ቤርታልዳ ያዞራል፤ እርሷም የዓሣ አጥማጁ የጠፋችው ልጅ ሆና ተገኝታለች። በዳኑብ ወንዝ ላይ ሲጓዙ የኡንዲን አጎት፣ ኃይለኛው የውኃ መንፈስ ኪውለቦርን፣ የቤርታልዳን የአንገት ጌጥ ይነጥቃል። ኡንዲን እጇን ውኃ ውስጥ ሰድዳ በምትኩ የዛጎል ጌጥ ታወጣለች። ባላባቱ ግን ጌጡን ነጥቆ ወንዙ ውስጥ ይወረውርና ሚስቱን ይሰድባታል፤ እርሷም እያለቀሰች በውኃው ውስጥ ትሰወራለች። እርሱ ቤርታልዳን በሚያገባበት ቀን ኡንዲን ያስከደነችው ጉድጓድ በሙሽራይቱ ትእዛዝ ይከፈታል። ኡንዲን ነጭ ለብሳ ትወጣና ባሏን እየሳመች፣ በእንባዋ ትገድለዋለች። በመቃብሩም ዙሪያ ምንጭ ይፈልቃል።

መጽሐፉ በፍጥነት ተሰራጨ። ሆፍማን ፉኬ ራሱ ባዘጋጀው ግጥም ኦፔራ አድርጎት በ1816 በርሊን ላይ ታየ። በአሜሪካዊቷ ሉዊዛ ሜይ ኦልኮት የ1868 ልቦለድ ውስጥም፣ ጆ የተባለችው ወጣት ባላት አንድ ብር ልትገዛው የምትመኘው ይህንኑ ነው።

ከሁሉ የጠለቀውን መልስ የሰጠው ግን ዴንማርካዊው አንደርሰን ይመስለናል። በ1837 የትንሿን የባሕር ልጅ ታሪክ ሲያወጣ፣ እንደ ፉኬ የነፍስን ማግኘት በሌላ ፍጡር ፍቅር ላይ እንዳልመሠረተ ለወዳጁ ጽፏል። የእርሱ ጀግና ልዑሉን እንድትገድልበት የተሰጣትን ቢላዋ ባሕር ውስጥ ትጥላለች። የአየር ልጅ ትሆናለች፤ ነፍስንም በ300 ዓመት በጎ ሥራ ራሷ ልታገኝ ትጀምራለች።