አሮጌውን የኮምፒዩተር መጻፊያ ስላልተዉ ሰዎች፤ ከዋጃ የተነሣ አጭር ጥናት

ዋጃ ከቆቦ በስተ ሰሜን ወደ አላማጣ በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የራያ ቆላ ከተማ ናት። እኛ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢዎች ባለፈው ክረምት ወደዚያ የወረድነው ስለ ኮምፒዩተር ለመጠየቅ አልነበረም። ዓላማችን ስለ ዘወልድ፥ ይኸውም የራያ ሽማግሌዎች ደም ስለሚያደርቁበት የዕርቅ ሥርዓት፥ ቃል መሰብሰብ ነበር። ከእኛ ብዙ ዓመት ቀደም ብሎ አንድ ተማሪ ከሽማግሌዎች አፍ የጻፈው ቃል በአንድ መሥሪያ ቤት ተቀምጦ እንደሚገኝ ሰምተን ፋይሉን በፍላሽ ተቀበልን። ስንከፍተው ግን አንድም የአማርኛ ፊደል አልነበረበትም፤ ከላይ እስከ ታች የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ብቻ ሆነብን። ቃሉን ከሰጡት ሽማግሌዎች ብዙዎቹ ስላረፉ ዳግመኛ መጠየቅ የማይቻል ነገር ነበር።

ጽሑፉን ያወጣልን ከገበያው አጠገብ ባለ አንድ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት የሚሠራ ሰው ነው። በአሮጌ ኮምፒዩተር፥ በአሮጌ የግእዝ ፊደል ፕሮግራም ይጽፍ ነበርና ፋይሉ በእርሱ ዘንድ ወዲያው ተነበበ። ስለ ምን አዲሱን እንዳልያዘ ብንጠይቀው፥ «ይኸን እጄ ያውቀዋል፤ ዓይኔን ከወረቀቱ ሳላነሣ እጽፍበታለሁ። በአዲሱ ግን ፊደል ስፈልግ እውላለሁ» ሲል መለሰልን። ከዚህ ሁለት ነገር ተገነዘብን። የጠፋብንን ጽሑፍ ያዳነልን የዚህ ሰው ታማኝነት ነው፤ ጽሑፉን መጀመሪያ የሰወረብንም ይኸው ዓይነት ታማኝነት ነው። ስለዚህ ሰዎች አሮጌ መጻፊያን ስለ ምን እንደማይለቁ፥ ይህም መቼ እንደሚጠቅምና መቼ እንደሚጎዳ ከታሪኩ ለመመርመር አሰብን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የነገሩ መነሻ ተርሚናል የሚባለው መሣሪያ ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓመታት ብዙ ሰዎች አንዱን ትልቅ ኮምፒዩተር በየተርሚናላቸው ይካፈሉት ነበር። በተርሚናሉ መስተዋት ላይ የሚታየው ፊደል ብቻ ነው፤ ሥዕል የለ፥ ማውዝ የለ። በ1969 ኬን ቶምሰን የጻፈው «ኢዲ» ጽሑፍን የሚያርመው መስመር በመስመር ነበር። በ1976 በካሊፎርኒያ፥ በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ፥ ቢል ጆይ «ቪአይ»ን አወጣ፤ በዚያው ዓመት በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ሪቻርድ ስቶልማንና ባልደረቦቹ «ኢማክስ»ን ጀመሩ። ቢል ጆይ ይሠራበት የነበረው ተርሚናል ለቀስት የተለየ ቁልፍ ስላልነበረው ቀስቶቹ በአራት የላቲን ፊደሎች ላይ ተሥለው ነበር። የስልኩ መስመርም እጅግ ዝግተኛ ስለ ነበረ ትእዛዙ በአንድና በሁለት ፊደል እንዲያልቅ አደረገው። ያ ተርሚናል ከሥራ ከወጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ በእነዚያ አራት ፊደሎች ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሱ ጸሐፊዎች ግን ዛሬም በዓለም ሁሉ አሉ።

ለዚህ ታማኝነት ሦስት ምክንያት እናገኛለን። አንደኛው የዋጃው ጸሐፊ የነገረን ነው። እጅ የተማረው ነገር ከአእምሮ ትምህርት ይለያል፤ ሰውየው ሳያስብ ይጽፋል፥ አሳቡም ለጽሑፉ ይተርፍለታል። መሣሪያ የሚለውጥ ሰው የዓመታትን ልምድ ጥሎ ከፊደል ቆጣሪ ጋር እንደ ገና ይቀመጣል። ሁለተኛው የትም መገኘቱ ነው። ሩቅ አገር ያለ ኮምፒዩተር በደካማ መስመር ሲታረም ሥዕል የሚጭን ፕሮግራም ይቆማል፤ የተርሚናሉ መጻፊያ ግን ይሠራል። ሦስተኛውና ዋነኛው ግን ጽሑፉ በመሣሪያው አለመታሰሩ ነው። በ«ቪአይ» የተጻፈውን በ«ኢማክስ» መክፈት ይቻላል፤ ፕሮግራሙ ቢጠፋ ጽሑፉ አይጠፋም።

በዚህ ላይ ፍቅርም አለበት። የ«ቪአይ»ን ፈለግ የተከተለውን «ቪም»ን በ1991 ያወጣው ሆላንዳዊው ብራም ሞሌናር ከተገልጋዮቹ ዋጋ አይጠይቅም ነበር፤ በዚያ ፈንታ በኡጋንዳ፥ በኪባሌ ያሉትን ችግረኛ ሕፃናት እንዲረዱ ይለምናቸው ነበር። ሞሌናር በ2023 ቢያርፍም ሥራውን ሌሎች ይዘው ቀጥለዋል።

እንዲህ ያለውን ጠባይ የራያ ቆላ ገበሬ በማሽላው ያውቀዋል። ደጋሊትና ጅጉርቲ የሚባሉት የአገር ዘሮች በበልግ ዝናብ ተዘርተው ዘግይተው የሚደርሱ ናቸው። በምርምር የወጡት ዘሮች ፈጥነው ይደርሳሉ፤ ገበሬው ግን የደጋሊትን እንጀራ ይወዳል፥ ረጅሙ አገዳም ለከብቱ መኖና ለማገዶ ይሆነዋል። የበልጉ ዝናብ የቀረ እንደ ሆነ ፈጥኖ የሚደርሰውን ይዘራል። ይህን ሰው ግትር ማለት አይገባም። የሚያተርፈውንና የሚያጣውን መዝኖ የሚወስን ነውና።

የእኛ ፊደል ታሪክ ግን በሌላ መንገድ ሄደ። ከ200 የሚበልጡትን ፊደሎች በጥቂት ቁልፎች ለማስገባት ጽሕፈት መኪናው ፊደሉን ከነቅጥያው እየከፋፈለ እንዲጽፍ ተደርጎ ነበር፤ በዚህ ሥራ የኢንጂነር አያና ብሩ ስም ሁልጊዜ ይነሣል። ኮምፒዩተር ሲመጣ ችግሩ ተመለሰ። በአንድ የፊደል መደብ ውስጥ የነበረው ቦታ 256 ብቻ ስለ ነበረ፥ ፕሮግራም ሠሪዎቹ የግእዙን ፊደል በላቲኑ ቦታ ላይ እየተኩ አስቀመጡት። ሁሉም በየራሳቸው አደላደል ስለ ሠሩ የአንዱ «ለ» ለሌላው ሌላ ምልክት ሆነ። የዋጃው ፋይል የተሰወረብን በዚህ ምክንያት ነው።

በ1990ዎቹ ዓመታት በውጭ አገር የነበሩ ኢትዮጵያውያን ሌላ መንገድ ሞከሩ። ዳንኤል ያዕቆብና ይትና ፍርድይወቅ ያቀረቡት «ሰራ» የተባለው ደንብ አማርኛን በተራው የላቲን ፊደል በማንኛውም ተርሚናል ለመጻፍ ያስችል ነበር፤ ትንሹ «ቲ» ለ«ት»፥ ትልቁ «ቲ» ለ«ጥ» ይቆማል። ጃፓናዊው ናኦቶ ታካሃሺ በዚሁ ደንብ ተመርቶ ለ«ኢማክስ» የግእዝ ፊደል መጻፊያ አዘጋጀ። በ1997 የወጣው 20ኛው «ኢማክስ» ፊደላችንን ሲያውቅ፥ 345 የግእዝ ምልክቶችን የያዘው 3ኛው ዩኒኮድ የወጣው ከሁለት ዓመት በኋላ በ1999 ነው። አሮጌ የሚባለው መጻፊያ አዲሱን ቀደመው ማለት ነው።

እንግዲህ የምንደርስበት አሳብ ይህ ነው። በአሮጌ መሣሪያ መጽናት በራሱ ነውር የለበትም። ልዩነቱ ጽሑፉ ከመሣሪያው ውጭ መኖር መቻሉና አለመቻሉ ነው። የ«ቪአይ» ወዳጅ ነገ ቢሞት ጽሑፉ ለልጁ ይነበባል። የዋጃው ጸሐፊ አሮጌ ኮምፒዩተር ቢቃጠል ግን የሽማግሌዎቹ ቃል አብሮ ይቀበራል። ጸሐፊው የለመደውን እንዲጥል አንመክርም፤ የሚጽፈው ሁሉ ወደ ዩኒኮድ እየተገለበጠ እንዲቀመጥ ማድረግ ግን ቃሉን የሰበሰብነው የእኛ የተማሪዎች ግዴታ ነው። ቃል ሰጪው አደራ የሰጠው ለእኛ እንጂ ለፕሮግራሙ አይደለምና።

እኛም በጸሐፊው እርዳታ ፋይሉን ወደ ዩኒኮድ ገልብጠን፥ ከታተመው ወረቀት ጋር ገጽ በገጽ አመሳክረን፥ አንድ ቅጂ በሕይወት ላሉት ሽማግሌዎች መልሰናል። በየኮሌጁ መደርደሪያና በየመሥሪያ ቤቱ ተመሳሳይ ፋይል ያላችሁ ባልደረቦቻችን፥ የሚከፍተው ሰውና ኮምፒዩተር ሳይጠፋ እንድትፈትሹት በትሕትና እናሳስባለን።