የተሠራ ዝምታ፤ «ወፎቹ» የተሰኘው ፊልም የድምፅ ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1963 ዓ.ም. ለተመልካች የቀረበው የአልፍሬድ ሒችኮክ ፊልም «ወፎቹ» የተለመደው የማጀቢያ ሙዚቃ የለውም። ገጸ ባሕርያቱ ራሳቸው ከሚጫወቱት ፒያኖና ከሕፃናት መዝሙር በቀር የሚሰማው የክንፍ ርግብግቢት፣ የወፍ ጩኸት፣ ከዚህም ይልቅ ዝምታ ነው።

ይህ ውሳኔ ድፍረት የሚጠይቅ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ሒችኮክ «ሳይኮ»ን ሲሠራ በመታጠቢያ ቤቱ የግድያ ትርዒት ሙዚቃ እንዳይገባ ፈልጎ ነበር። የሙዚቃው ደራሲ በርናርድ ኸርማን ግን የቫዮሊኖችን ስለታም ጩኸት ጽፎ ባሰማው ጊዜ አዘጋጁ አሳቡን ለወጠ። በዚያ ክርክር ሙዚቃ ረታ። በ«ወፎቹ» ይኸው ኸርማን የድምፅ አማካሪ ብቻ ሆነ።

ድምፁ የተገኘው ከበርሊን ነው። ፍሪድሪኽ ትራውትቫይን የተባለው መሐንዲስ በ1930 ትራውቶኒየም የተሰኘ የኤሌክትሪክ የሙዚቃ መሣሪያ ለሕዝብ አሰምቶ ነበር። አሠራሩ ለሙያው ሰው ደስ ያሰኛል። ከብረት ዘንግ በላይ የተወጠረ ሽቦ በጣት ሲጫን፣ ሽቦው ብረቱን የነካበት ነጥብ ሬዚስታንሱን ይወስናል፤ ካፓሲተሩ ቀስ ብሎ ይሞላና በጋዝ አምፑል በኩል በድንገት ይራገፋል። ከዚህ የሚወጣው የመጋዝ ጥርስ የመሰለ ሞገድ በማጣሪያዎች ይቀረጻል። ቁልፎች ስለሌሉት ድምፁ ያለ ደረጃ ይንሸራተታል፤ የወፍም ጩኸት እንዲሁ ነው። ሙዚቃንም ፊዚክስንም የተማረው ኦስካር ዛላ መሣሪያውን ለብዙ ዓመታት ሲያሻሽል ቆይቶ፣ ከሬሚ ጋስማን ጋር የፊልሙን ድምፆች በዚሁ ሠራ። የሥራው ብልጫ ወፍን በትክክል መምሰሉ አይደለም፤ ጆሮ ወፍ ይሁን መኪና ለመለየት መቸገሩ ነው።

ይሁን እንጂ ፊልሙ እጅግ የሚያስፈራው ወፎቹ ሲጮኹ አይደለም። ሜላኒ በትምህርት ቤቱ ደጅ ተቀምጣ ሲጋራ ታጨሳለች፤ ከውስጥ ሕፃናቱ ማለቂያ የሌለው መዝሙር ይዘምራሉ። ከበስተኋላዋ ባለው የልጆች የብረት መወጣጫ ላይ ቁራዎች በየተራ ያርፋሉ፤ ድምፅ ግን የላቸውም። መዝሙሩ እስኪያልቅ ምን ያህል እንደ ቀረ የሚቈጥረው ተመልካቹ ብቻ ነው። በሌላ ትርዒት ደግሞ ሊዲያ ወደ ጎረቤቷ ገበሬ ቤት ትገባለች። የተሰበሩ ሲኒዎች ታያለች፤ ቀጥሎም ዐይኖቹ የጠፉበትን አስከሬን። ሌላ አዘጋጅ ቢሆን እዚህ ላይ ጥሩምባ ያስነፋ ነበር። ሊዲያ ሮጣ ስትወጣ አፏ ይከፈታል፤ ድምፅ አይወጣውም፤ በእርሷ ፈንታ የሚጮኸው የመኪናው ሞተር ነው።

በፍጻሜው ወፎቹ ቤቱን ከበው ቆመዋል፤ ሰዎቹም ቀስ ብለው ወደ መኪናቸው ይሄዳሉ። ሒችኮክ ለፍራንሷ ትሩፎ እንደ ገለጠው፣ በዚህ ቦታ የፈለገው ባዶ ጸጥታ ሳይሆን በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የተሠራ ዝምታ ነበር፤ ይኸውም ከሩቅ እንደሚሰማ ባሕር ዝቅ ያለና አንድ ወጥ ጉርምርምታ። ነገሩ እውነት አለው። የድምፅ ማጉያው ፈጽሞ ቢዘጋ በሲኒማ ቤቱ የሚሰማው የጎረቤት ሳል ነው፤ ተመልካቹም መሣሪያው ተበላሸ ብሎ ወደ ኋላው ይዞራል። በዚህ ጉርምርምታ መካከል መኪናው ይርቃል፤ «ተፈጸመ» የሚል ጽሑፍም አይወጣም።