አልላቀቅ ያለው ኳስ፦ የተሳቢ መጋጠሚያ ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1959 አንድ ግራ የሚያጋባ ሰልፍ ከደቡብ አፍሪካዋ ኬፕታውን ተነስቶ ወደ ካይሮ ጉዞ ጀመረ። ከፊት ፒክአፕ መኪና፣ ከኋላው ደግሞ ክንፉ የተቆረጠ አውሮፕላን የሚመስል፣ የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ቤት፤ እንደገና ፒክአፕ፣ እንደገና ቤት። ቤቶቹ 40 ያህል፣ ሰዎቹ ደግሞ ከ100 በላይ አሜሪካውያን ነበሩ። መሪያቸው ኤርስትሪም የተባለውን ተሳቢ ቤት የሚያመርተው ዋሊ ባያም ነው። ከኬንያ ተሻግረው ኢትዮጵያ ገቡ፣ አዲስ አበባ ደርሰው ከአፄ ኃይለ ሥላሴ ጋር ተገናኙ፣ በመጨረሻም ጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ሰፈሩ።

የዚያን ጉዞ ፎቶዎች ስታዩ ዓይናችሁ የሚሄደው ወደ ቤቶቹ ነው። የኔ ዓይን ግን ሁልጊዜ በቤቱና በመኪናው መካከል ያለችው ጠባብ ቦታ ላይ ያርፋል። ያ ሁሉ ቤት፣ ከነአልጋው፣ ከነምድጃው፣ ከነውሃ ታንከሩ፣ ከመኪናው ጋር የሚያያዘው ከሎሚ ብዙም በማትበልጥ የብረት ኳስ ነው። ኳሷ መኪናው ጀርባ ላይ ቆማለች። ከተሳቢው አፍንጫ እንደ ተደፋ ኩባያ ያለ የብረት ቆብ ወርዶ ይሸፍናታል። ከስር አንዲት የብረት ጥርስ ኳሷን ትነክሳታለች፤ ከላይ ያለው ማንሻ ሲዘጋ ጥርሷ ትቆለፋለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ይህች መጋጠሚያ አንድ የታወቀ አመል አላት፤ አንዳንዴ ትነክስና አልለቅም ትላለች። አሜሪካ ለትምህርት በነበርኩበት ጊዜ አንድ ጎረቤቴ ከእረፍት ተመልሶ ተሳቢውን ለማላቀቅ ከሰዓቱን ሙሉ ሲታገል አይቻለሁ። ማንሻውን ሳበ፣ ረገጠው፣ በመጨረሻ መዶሻ አመጣ። ያም አልሆን ሲለው በመኪናውና በተሳቢው መካከል ተንበርክኮ እጁን ከቆቡ ስር ከተተ። ያኔ ነው እኔ የጮህኩት። ለምን እንደጮህኩ እንድትረዱልኝ ወደ 19ኛው ክፍለ ዘመን ባቡር ልወስዳችሁ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ለአፍታ ወደ እርሻ።

በሬ ተጠምዶ ሲያርስ አይታችኋል? ሞፈሩና ቀንበሩ የሚያያዙት በምስማር አይደለም፤ ምራን በሚባል የቆዳ ጠፍር ነው። ለምን ይመስላችኋል? በሬዎቹ ሲዞሩ ሞፈሩ ዘግይቶ ይከተላል። አንዱ በሬ ጉድጓድ ሲረግጥ ቀንበሩ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። መሬቱ ደግሞ ከፍ ዝቅ ይላል። ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር በብረት ብትቸነክሩት አንድ ትልም ሳይጨርስ ይሰበራል። ማንኛውም መጋጠሚያ ሁለት ተቃራኒ ነገሮች ይጠየቃል፤ አጥብቆ መያዝም፣ መላወስም አለበት። ገበሬው በቆዳ ፈታው፤ ቆዳ ይለመጣል። ብረት ግን አይለመጥም። በብረት የተገጣጠሙ ሁለት ነገሮች እንዲላወሱ ከፈለግን በመካከላቸው ክፍተት መተው ሊኖርብን ነው። ከዚህ በኋላ የምነግራችሁ ሁሉ የዚህች ክፍተት ጉዳይ ነው።

የድሮዎቹ የአሜሪካ ባቡሮች ክፍተቱን በልግስና ነበር የተዉት። በእያንዳንዱ ፉርጎ ጫፍ ላይ አፍ ያለው ብረት አለ። በሁለቱ አፎች መካከል ሞላላ የብረት ቀለበት ይገባል፤ ከላይ ደግሞ የብረት ካስማ ይሰካበታል። ለመፍታት ካስማውን መንቀል ነው። አደጋው ያለው መግጠሙ ላይ ነበር። ሎኮሞቲቩ ፉርጎውን እየገፋ ሲመጣ አንድ ሠራተኛ በሁለቱ መካከል ቆሞ፣ ቀለበቱን በእጁ አቅንቶ ወደ አፉ ማስገባት፣ በዚያችው ቅጽበትም እጁን ማውጣት ነበረበት። ትንሽ ከዘገየ ጣቱ ይቀራል። ስለዚያ ዘመን ሲወራ፣ የባቡር ሠራተኛ ልምድ የሚለካው በጎደሉት ጣቶቹ ነው ይባላል። ጣት ብቻ ቢሆንማ ደግ ነበር፤ በፉርጎዎች መካከል ተጨፍልቀው የሞቱም ብዙ ናቸው።

መፍትሔው የመጣው ካልተጠበቀ ሰው ነው። ኢላይ ጃኒ በእርስ በርስ ጦርነቱ በደቡቦቹ ወገን የተዋጋ፣ በኋላም በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ከተማ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው ነበር። እስቲ የሁለቱን እጆቻችሁን ጣቶች እንደ መንጠቆ አጥፋችሁ አንዱን በሌላው አቆላልፉት። የጃኒ መጋጠሚያ ይህንን ነው የሚመስለው። ሁለት ፉርጎዎች ሲገናኙ የብረት መዳፎቹ በራሳቸው ይዘጋሉ፤ ማንም ሰው መሐል መግባት የለበትም። ፓተንቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። ታዲያ ችግሩ ያኔ አበቃ? አላበቃም። ያሉትን ፉርጎዎች ሁሉ መቀየር ገንዘብ ይጠይቃል፤ ሠራተኛ ደግሞ በቀላሉ ይገኛል። የአዮዋው ሎሬንዞ ኮፊን አንድ ሠራተኛ ጣቶቹን ሲያጣ በዓይኑ ካየ በኋላ ዓመታትን ሙሉ በየስብሰባው እየዞረ ወተወተ። ኩባንያዎች አውቶማቲክ መጋጠሚያ እንዲጠቀሙ የሚያስገድደውን ሕግ ፕሬዚዳንት ቤንጃሚን ሃሪሰን የፈረሙት እ.ኤ.አ. በ1893 ነው። ከፓተንቱ እስከ ሕጉ 20 ዓመት! መፍትሔው መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ እነዚያ ሁሉ ጣቶች መቆረጣቸው እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

መኪና ሲመጣ ጥያቄው እንደ አዲስ ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1914 የዲትሮይቱ አንጥረኛ ኦገስት ፍሩሃፍ፣ ጀልባውን ወደ ሐይቅ መውሰድ ለፈለገ አንድ የእንጨት ነጋዴ በፎርድ መኪና የሚጎተት ተሳቢ ሠራለት፤ ከዚያች ጀልባ የተነሳ ትልቅ የተሳቢ ፋብሪካ ተወለደ። በአውሮፕላን ፈጠራ የሚታወቀው ግሌን ከርቲስም በ1920ዎቹ መጨረሻ የራሱን ተሳቢ ቤት ሲሠራ፣ ለመጋጠሚያ የተጠቀመው መኪናው ላይ በጀርባው የተጋደመ፣ በአየር የተሞላ ጎማ ነው። አሁን ሳስበው፣ ከርቲስ ሳያውቀው ወደ ምራኑ ተመልሷል፤ ብረቱን ትቶ የሚለመጥ ነገር መረጠ።

ያሸነፈችው ግን ኳሷ ናት። ጀርመን ውስጥ ዌስትፋሊያ የተባለው ኩባንያ በ1930ዎቹ የኳስ መጋጠሚያን ሠርቶ አወጣ። ሐሳቡን ለመረዳት ክንዳችሁን ትከሻችሁ ላይ አዙሩት። የክንዳችሁ አጥንት ጫፍ ኳስ ነው፤ ትከሻችሁ ደግሞ ኩባያ። ወደ ጎን ይሄዳል፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይሄዳል፣ በራሱ ላይም ይዞራል። መኪና ሲታጠፍ፣ ጉብታ ሲወጣ፣ አንድ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ የሚያስፈልጉት እነዚሁ ሦስቱ ናቸው። እንግዲህ የባያም ሰዎች አፍሪካን ባቋረጡባቸው አስፋልት ያልነካቸው መንገዶች ላይ ኳሷ ቀኑን ሙሉ በሦስቱም አቅጣጫ ስትላወስ ነበር።

የኳሷ ብልሃት ክፍተቱን ወደ ምንም የሚጠጋ ማድረጓ ነው። ቀለበትና ካስማ ይንኳኳሉ፤ በተነሳችሁና በቆማችሁ ቁጥር ተሳቢው መኪናውን ይገፋል፣ ይጎትታል፣ ብረት ብረትን ይበላል። ኳስና ቆብ ግን ገላና ልብስ ናቸው፤ ተላክከው እየተንሸራተቱ ይዞራሉ። ዋጋው ደግሞ እዚሁ ጋ ነው። ክፍተቱ በሚሊሜትር ክፋይ ሲለካ፣ ትንሽ ነገር ትዘጋዋለች።

ለምሳሌ ዝገት። ብረት ሲዝግ ኦክስጅን ስለሚጨምር፣ የሚፈጠረው ዝገት ከተበላው ብረት የበለጠ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ዝገት እየበላ ክፍተቱን የሚያሰፋ ቢመስለንም፣ መኪናው ለወራት ቆሞ ከሆነ የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው፤ ያብጥና ይቆልፋል። ግራሶም እንደዚሁ ያታልላል። 2,000 ኪሎ ከሚመዝን ተሳቢ ከ200 እስከ 300 ኪሎ የሚሆነው ክብደት ኳሷ ላይ እንዲያርፍ ይመከራል። ይህ ሁሉ ጫና በትንሽ የብረት ገጽ ላይ ሲያርፍ ግራሶውን ጨምቆ ያወጣዋል፤ የቀረው ደግሞ ከአቧራ ጋር ተለውሶ የብርጭቆ ወረቀት ይሆናል።

ሌላው አስቂኙ ምክንያት የልኬት ነው። የአሜሪካው የተለመደ ኳስ 2 ኢንች ነው፤ የአውሮፓው ደግሞ 50 ሚሊሜትር። በዓይን ስታዩዋቸው አንድ ናቸው። 2 ኢንች ግን 50.8 ሚሊሜትር ነው። ለ50 ሚሊሜትር ኳስ ጥብቅ ተደርጎ የተሠራ ቆብ የ2 ኢንች ኳስ ላይ በግድ ሊገባ ይችላል፤ መውጣቱ ግን ሌላ ጣጣ ነው። የተገላቢጦሹ የባሰ ነው፤ ትንሿ ኳስ ትልቁ ቆብ ውስጥ ዘና ብላ ትገባለች፣ መንገድ ላይ ደግሞ ዘና ብላ ልትወጣ ትችላለች። ስለዚህ ኳስም ሆነ ቆብ ሲገዛ ላዩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ማንበብ ግድ ነው።

ብዙ ጊዜ ግን ዝገትም ልኬትም አይደለም ጥፋተኛው። ተሳቢው ራሱ መኪናውን እየገፋ ወይም እየጎተተ ነው፤ ኳሷ ጥርሷ ላይ ተደግፋለች። ይህን ክብደት በክንድ ልታሸንፉት አትችሉም። ጎረቤቴ ተሳቢውን በመኪናው እየገፋ ሽቅብ ወደ ግቢው አስገብቶት ነበር። ተሳቢው ቁልቁል እየተንሸራተተ መኪናው ላይ ተደግፏል፤ ጥርሷ ያንን ሁሉ ጫና ተሸክማ እያለ እሱ ማንሻዋን ይደበድባል። ማለትም መጋጠሚያው አልተበላሸም ነበር፤ የተፈጠረበትን ሥራ፣ መያዝን፣ ከልክ በላይ እየሠራ ነበር።

እጁን ካስወጣሁት በኋላ ያደረግነው ይህንን ነው። በተሳቢው ጎማዎች ስር ታኮ አደረግን። ከዚያ እሱ መኪናው ውስጥ ገባ፣ እኔ በጎን በኩል ራቅ ብዬ ቆምኩ፤ መኪናውን ሁለት ጣት ያህል ወደ ፊት አስጠጋ፣ የእጅ ፍሬኑን ያዘ። ጫናው ተነሳ። ማንሻው በአንድ ጣት ተከፈተ። የተሳቢውን አፍንጫ በክሪክ ከፍ ስናደርገው ቆቡ ያለምንም ትግል ከኳሷ ላይ ተነሳ።

ይህ ባይሠራ ኖሮ ቀጣዩ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ረጭቶ መጠበቅ፣ ከዚያም የቆቡን ጎን ቀስ እያሉ መታ መታ ማድረግ ነበር። ብዙዎቹ መጋጠሚያዎች ከስራቸው ጥርሷን የሚያጠብቅና የሚያላላ ዳዶ አላቸው፤ በጣም ጠብቆ ከሆነ ማንሻው አይከፈትም፣ በጣም ላልቶ ከሆነ ደግሞ ኳሷ ትንኳኳለች። ሲላቀቅ አሮጌውን ግራሶ ጠርጎ ስስ አዲስ መቀባት ነው። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ አንዳንድ የአውሮፓ መጋጠሚያዎች ተሳቢው እንዳይወዛወዝ ኳሷን በፍሬን ሸራ ዓይነት ነገር ይይዟታል። ለእነሱ ግራሶ መርዝ ነው፤ ኳሷ ንጹሕና ደረቅ መሆን አለባት።

መቼ ነው የሚጣለው? ቆቡ ከተሰነጠቀ ወይም ከንፈሩ ከተጣመመ፣ ጥርሷ ከተበላች፣ ማንሻው ተዘግቶ የማይቆለፍ ከሆነ ጥገና አያዋጣም። አዲሱ የኳሷ ልክ መሆን ብቻ ሳይሆን የመሸከም አቅሙ ከተሳቢው ሙሉ ክብደት ማነስ የለበትም። አሮጌው በብሎን የታሰረ ከሆነ መቀየሩ ቀላል ነው፤ የተበየደ ከሆነ ግን ለባለሙያ በያጅ መተው ነው። ከተገጠመ በኋላ ማንሻውን ዘግቶ የተሳቢውን አፍንጫ በክሪክ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ የመኪናው ኋላ አብሮ ከተነሳ ጥርሷ ይዛለች ማለት ነው። ይህን ስትሞክሩም ቢሆን ማንም ሰው በመሐል አይቁም።

ጎረቤቴ በመጨረሻ አዲስ መጋጠሚያ ገዛ። ኳሷም ጥርሷም ደህና ነበሩ፤ ማንሻውን ግን በመዶሻው አጣሞት ኖሯል፣ እንደገና ሊዘጋ አልቻለም።