ከእንጦጦ ማዶ፦ የድኅረ ወሊድ ደም መፍሰስ ቀዶ ሕክምና ታሪክ

በጎጃም መንገድ ከእንጦጦ ማዶ የምትገኘው ሱሉልታ፣ ከወሊድ በኋላ ደሟ አልቆም ያላት እናት ለቀዶ ሕክምና ተራራውን ተሻግራ ወደ አዲስ አበባ ስትወሰድ የኖረችባት አካባቢ ናት። ድኅረ ወሊድ ደም መፍሰስ የሚባለው ይህ አደጋ አብዛኛውን ጊዜ ማሕፀን በሚገባ ባለመኮማተሩ የሚመጣ ሲሆን፣ ጣሊያናዊው ኤድዋርዶ ፖሮ እ.ኤ.አ. በ1876 በቀዶ ጥገና ካዋለዳት ሴት ማሕፀኗን አውጥቶ ሕይወቷን ካተረፈ ወዲህ፣ የሐኪሞች የመጨረሻ መፍትሔ ለረጅም ዘመን ዳግም የመውለድን ተስፋ የሚያስከፍል ነበር፤ ሴት በልጆቿ ቁጥር በምትከበርበት አገር ደግሞ ይህ ቀላል ዋጋ አልነበረም። በሴራሊዮን ተወልዶ በእንግሊዝ ይሠራ የነበረው ክሪስቶፈር ቢ-ሊንች እ.ኤ.አ. በ1997 ያሳተመው፣ ማሕፀንን ከላይ እስከ ታች አቅፎ የሚጨምቅ ስፌት ግን ማሕፀኑን በቦታው ያቆየ በመሆኑ፣ ስፌቱ ከተደረገላቸው ሴቶች ብዙዎቹ የወር አበባቸው ተመልሶ ዳግም ፀንሰዋል፤ አልፎ አልፎ የማሕፀን ግድግዳ መጣበቅ ወይም መበስበስ መከሰቱም ተመዝግቧል። ሆኖም ማሕፀን መትረፉ ብቻውን ዋስትና አይደለም፤ ሐኪሙ ሃሮልድ ሺሃን እ.ኤ.አ. በ1937 እንዳብራራው፣ ብርቱ የደም መፍሰስ በአንጎል ሥር የሚገኘውን የፒቱታሪ ዕጢ ጎድቶ ጡትን ሊያደርቅ፣ የወር አበባንም ሊያስቀር ይችላል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2009 ሐኪም ያልሆኑ ባለሙያዎችን በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና በማስተርስ ዲግሪ ማሠልጠን የጀመረችው እናቶችን የሚያድነውን የቀዶ ሕክምና አገልግሎት ወደ ወረዳ ለማቅረብ ነው፤ ዘግይታ ለደረሰች እናት ማሕፀን ማውጣት ዛሬም ብቸኛው መዳኛ ሊሆን ይችላልና።