ያዘ (ግስ)

ያዘ በዕለታዊ አማርኛ ከሚዘወተሩ ግሶች አንዱ ነው። መነሻ ትርጉሙ በእጅ መጨበጥ ሲሆን፣ ከዚያ እየሰፋ ማሰርን፣ ማካተትን፣ መጽናትን፣ በበሽታ መጠቃትንና በመሬት የመጠቀም መብትን ይገልጻል።

አመጣጥና ዕርባታ

በግእዝ «አኀዘ»፣ በትግርኛ «ሓዘ» ዘመዶቹ ናቸው፤ የዐረብኛው «አኸዘ» እና የዕብራይስጡ «አሐዝ» ከዚያው ሴማዊ ሥር ወጥተዋል። የጉሮሮ ድምፁ በአማርኛ ስለጠፋ ግሱ አጥሯል። ይይዛል፣ ይዞ፣ ያዝ፣ መያዝ እያለ ይረባል። ተያዘ፣ አስያዘ፣ ተያያዘ የሚሉ ግሶች፣ ያዥ፣ መያዣ፣ አያያዝ፣ ይዞታ የሚሉ ስሞችም ከእርሱ ይወጣሉ።

አጠቃቀም

በአዲስ አበባ ከመገናኛ ወደ ቦሌ የሚሄድ ሰው ወረፋ ይይዛል፣ ታክሲ ይይዛል፣ ገብቶም ቦታ ይይዛል፤ ረዳቱ «መልስ ያዝ» ይለዋል። ወርዶ መንገድ ቢጠይቅ «ዋናውን አስፋልት ይዘህ ሂድ» ይባላል። ቀጠሮ፣ ሱባኤና ቂምም ይያዛሉ።

ተሳቢ ሳይኖረው ሲነገር መጽናትን ያመለክታል፦ «ችግኙ ያዘ»፣ «ቀለሙ ያዘ»፣ «ፍሬኑ አልይዝ አለ»። «ጉንፋን ያዘኝ»፣ «ዝናብ ያዘኝ»፣ «ሥራ ያዘኝ» በሚሉት ደግሞ ተናጋሪው ተሳቢ ይሆናል፤ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ያገኘው ነገር ነው። «ይዞ» ከእንቅስቃሴ ግስ ጋር ሲገባ አብሮነትን ያሳያል፦ «ልጇን ይዛ ሄደች»።

እንግሊዝኛ ይህን ሸክም ለብዙ ግሶች ያከፋፍላል። እጅ ሲያዝ «ሆልድ»፣ ታክሲ ሲያዝ «ቴክ»፣ ጉንፋን ሲይዝ «ካች»፣ ዳቦ ተይዞ ሲመጣ «ብሪንግ» ይላል። አንዱን ብቻ አጥንቶ በሁሉም ቦታ ማስገባት ተማሪዎችን የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

በመሬት ሕግ

ከገርጂ እስከ ሲኤምሲና አያት በተስፋፉት የመኖሪያ መንደሮች ግሱ ከፍ ያለ ክብደት አለው። በ1987 ዓ.ም. የጸናው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥም ይደነግጋል። ነዋሪው መሬቱን ይይዛል እንጂ የግል ንብረቱ አያደርገውም፤ የሚሰጠውም ሰነድ «የይዞታ ማረጋገጫ» ይባላል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 ራሱ «የከተማ ቦታን በሊዝ ስለመያዝ» የሚል ርእስ ነበረው፤ ለመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመኑን 99 ዓመት አድርጎ ወሰነ።

በመሬቱ ላይ የቆመው ቤት ግን የግል ንብረት ስለሆነ ይሸጣል፣ ይወረሳል። ባለቤቱ ቤቱን አስይዞ ከባንክ ሲበደር ቤቱ «መያዣ»፣ እርሱ «አስያዥ» ይሆናል፤ ዕዳው ካልተከፈለ ባንኩ መያዣውን ሊያሸጥ ይችላል። ስለዚህ ቤት የሚገዛ ሰው በውሉ ላይ «ባለቤት» እና «ባለይዞታ» የሚሉትን ቃላት ለይቶ ማንበብ ይገባዋል፤ የመጀመሪያው ስለ ቤቱ፣ ሁለተኛው ስለ መሬቱ ያለውን መብት ይነግረዋል።