ጥገና ያልነው ሙያ

ከቲቡርቲና ባቡር ጣቢያ ተነሥቶ ወደ ላ ሳፒየንዛ ዩኒቨርሲቲ በእግሩ የሚያዘግም ኢትዮጵያዊ ተማሪ አንድ ነገር ሳያስታውስ ማለፍ አይገባውም። ሙሶሊኒ ያንን ቅጥር ግቢ የመረቀው ኦክቶበር 31 ቀን 1935 ሲሆን፣ ይኸውም ጦሩ የመረብን ወንዝ ከተሻገረ በአራተኛው ሳምንት መሆኑ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) እኔ ፖለቲካል ሳይንስ የማጠና ነኝ፤ አንዲት የአገራችን ልጅ ደግሞ እዚሁ ሮም ውስጥ በሶሻል ወርክ የመጀመሪያ ዲግሪዋን ትከታተላለች። ባለፈው ክረምት፣ «የመመረቂያ ጽሑፌ ስለዚሁ ሙያ ታሪክ በኢትዮጵያ ነው፤ ከየት ልጀምር?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም፣ «ጥገና እኮ ነው፤ ጥገና ደግሞ ታሪክ የለውም» ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀችም። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ያንን ዕዳ ለመክፈል ነው።

ቃሉን የወረስኩት ከኛው ንቅናቄ ነው። «ጥገናዊ ለውጥ» በተማሪው ትግል ቋንቋ ከስድብ የማይተናነስ ቃል ነበር። ፊውዳላዊውን ሥርዓት ከሥሩ መንቀል ሲገባ ስንጥቁን እየለሰነ ዕድሜውን የሚያራዝም ሁሉ ጠጋኝ ይባል ነበር። ለአንድ ድኻ ቤተሰብ ብርድ ልብስና ምክር ይዞ ከሚሄድ ባለሙያ የበለጠ ጠጋኝ ከየት ይመጣል? ክርክሩ በወረቀት ላይ ሲያዩት የተሟላ ነው። ታሪኩን ሲመረምሩት ግን ሌላ ነገር ይገኛል።

በኢትዮጵያ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እርዳታ የተከፈተው በ1959 ነው። ሲጀምር የሁለት ዓመት ዲፕሎማ ይሰጥ ነበር፤ በ1961 የተመሠረተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አካል ከሆነ በኋላ ወደ ዲግሪ ደረጃ ከፍ አለ። በአፍሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት የነበራቸው አገሮች በዚያን ጊዜ ጥቂቶች ነበሩ። ከ1964 ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ሁሉ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግል በመደረጉ፣ የገጠሩን ድህነት በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቅ ትውልድ መሆኑ ቀረ።

በ1965 «መሬት ለአራሹ» ብሎ የተሰለፈው ተማሪ በተከታዩ ዓመት ያነገበው መፈክር «ድህነት ወንጀል ነውን?» የሚል እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ምክንያቱ አዲስ አበባ ሾላ ከተባለው ስፍራ የነበረው ካምፕ ነው፤ ከከተማው ጎዳና የተለቀሙ ለማኞች የሚታጎሩበት። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መቀመጫ የሆነችው ከተማ ድኾቿን ከእንግዳ ዓይን ትሸሽግ ነበር። እነሆ፣ ሶሻል ወርክ ራሱ የቆመበት ጥያቄ ይኸው ነው፤ ድኻውን መርዳት ነው ወይስ ከዓይን ማራቅ? ሠልፈኛው የጠየቀው ጥያቄ በትምህርት ቤቱም ሊጠየቅ የሚገባው ነበር። እኛ ግን ሾላን የትግሉ ታሪክ አድርገን ወሰድነውና ሙያውን ለካምፑ ጠባቂዎች ተውንላቸው።

ከ1974ቱ አብዮት በኋላ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ፤ ሙያው ራሱን ችሎ መቆሙ ቀርቶ በሶሲዮሎጂ ትምህርት ሥር ተዋጠ። ሶሻሊዝም ማኅበራዊውን ችግር ከሥሩ ይነቅላል ከተባለ የችግሩ ሐኪም ምን ይሠራል? ነገር ግን የድኻውን ደጅ የሚያንኳኳ አልጠፋም፤ ተለወጠ እንጂ። ራሽን የሚያድለው ቀበሌና በ1977 የቤት ለቤት አሰሳ ያካሄደው ቀበሌ አንድ ነበር። ከ1984ቱ ረኃብ በኋላ ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ ሲሰፍር፣ ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ በየመኪናው ተለያዩ። ያ ሁሉ ሕዝብ በነፍስ ወከፍ ተቆጠረ፤ «ከማን ጋር ነህ?» ብሎ መጠየቅን ሥራዬ የሚል ሙያ ግን ቦታ አልነበረውም። ጥቂት ባለዲግሪዎች ቢኖሩ ሰፈራው አይካሄድም ነበር አልልም፤ ያ የዋህነት ነው።

ወደ ቲቡርቲና ልመለስ፤ ለንጽጽር ያነሣሣኝ ይህ ሰፈር ነውና። በ1930ዎቹ የሮማ መሐል ለሰልፍ ጎዳና ሲፈርስ ድኾቹ ወደ ዳር ተገፉ፤ ፒዬትራላታና ቲቡርቲኖ ተርሶ እንዲያ ካደጉት ሰፈሮች መካከል ናቸው። ፋሺዝም ለማኅበራዊ ሠራተኞችም ትምህርት ቤት ነበረው። በ1928 በሮም ሳን ግሬጎሪዮ አል ቼሊዮ የተከፈተው ትምህርት ቤት ለፋብሪካዎች የሚመደቡ ሴቶችን ያሠለጥን ነበር፤ በወዛደሩና በአሠሪው መካከል የሚቆሙ፣ ለሥርዓቱ ግን የታመኑ። እንግዲህ በእኛ መለኪያ ከሆነ ጣሊያኖቹ ከነፃነት በኋላ ሙያውን መቅበር ነበረባቸው። አልቀበሩትም። በ1946 መጸው ትሬሜዞ ላይ ትልቅ ጉባኤ አድርገው ሙያውን ከአዲስ መሠረት ላይ ለማቆም ተመካከሩ፤ በሮም ቼፓስ የተባለውን ትምህርት ቤት ካቋቋሙት አንዱ ፋሺስቶች አስረውት የነበረው ፈላስፋው ጉዊዶ ካሎጄሮ ነው። ከ1949ኙ የቤቶች ሕግ በኋላ በቲቡርቲና ጎዳና ላይ አዲሱ የሠራተኞች ሰፈር ሲሠራ፣ በእንዲህ ያሉ ሰፈሮች ማኅበራዊ ሠራተኞች ይመደቡ ጀመር።

ይህን ስል ሮማን ላሞካሽ አይደለም። በ2015 በሺህ የሚቆጠሩ ኤርትራውያንና ኢትዮጵያውያን ያረፉባት የቪያ ኩፓ ጠባብ መንገድ ከዚሁ ጣቢያ አጠገብ ናት፤ በ2016 ፖሊስ አጸዳት። በ2018 ደግሞ ከጣቢያው ጀርባ የነበረው የስደተኞች ድንኳን ተነቀለ። ሾላ በየአገሩ አለ።

ልዩነቱ ያለው በሕጉ ላይ ነው። በ1993 የወጣው ቁጥር 84 ሕግ ማኅበራዊ ሠራተኞች የራሳቸው የሙያ ማኅበርና መዝገብ እንዲኖራቸው ደነገገ፤ ዛሬ የሦስት ዓመቱን ዲግሪ የጨረሰ ሁሉ የመንግሥት ፈተና ካላለፈ በመዝገቡ አይገባም። ለእኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው የ2001ዱ ቁጥር 119 ሕግ ነው። ማኅበራዊ ሠራተኛው በሥራው የሰማውን ምሥጢር መጠበቅ አለበት፤ ሕጉ ለይቶ ካስቀመጣቸው ሁኔታዎች በስተቀር ፍርድ ቤትም ቢሆን እንዲናገር አያስገድደውም። ደጅ የሚያንኳኳው ባለሙያ የመንግሥት ጆሮ እንዳይሆን የሚከለክል አጥር ማለት ነው። የኛ ቀበሌ መዝገብ ይህ አጥር አልነበረውም። ጥገናና አብዮት እያልን ስንከራከር ይህቺን ጥያቄ አላነሣናትም።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ የተመለሰው ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ2004 ነው። የጀመረውም ከላይ፣ ከማስተርስ ዲግሪ ነበር፤ ሙያው ለአንድ ትውልድ ተቋርጦ ስለ ነበር አስቀድሞ የሚያስተምር ማፍራት ግድ ሆነ። የመጀመሪያው ዲግሪ የተከተለው ከዚያ በኋላ ነው፤ ዛሬ በጎንደርና በሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች ይሰጣል።

ልጅቷ የተግባር ልምምዷን የምትሠራው ለስደተኞች ምክር ከሚሰጥበት አንድ ቢሮ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት እንድታስተረጉምላቸው የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ስማቸውን ስትጠይቃቸው ዝም አሉ። ቆይተው፣ «ልጄ፣ ይህ የምትጽፊው ወረቀት ኤምባሲ ይደርሳል?» አሏት። «አይደርስም አባባ፣ ሕግ አለብን» አለቻቸው። ሕጉን በአማርኛ እንድትነግራቸው ጠየቋት። «የሙያ ምሥጢር» አለች፤ አልገባቸውም። ደግማ፣ «እኔና እርስዎ የተነጋገርነው እዚህ ይቀራል» አለቻቸው። ስማቸውን የነገሯት በሦስተኛው ቀን ነው።